የተቆረጡት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች

ጥር 3

ለወንድሜ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። ደህና ነሽ ወይ ብለህ ጽፈሃል፤ ደህና ብሆን ኖሮ ወሬዬ አንተ ድረስ አይመጣም ነበር። ስልክህን ባለማንሳቴም አትቀየም። ባለፈው ስንደዋወል የተጯጯህነውን ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። በወረቀት እንነጋገር፤ ወረቀት ቢያንስ ከአፍ ላይ ነገር አይነጥቅም።

የሆነውን ከአንቺው ልስማ ብለሃል። እንግዲያው ስማ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአስተባባሪነት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ያንን መሥሪያ ቤትህ የሸጠልንን የኮምፒውተር ረዳት አንድ ነገር አዘዝኩት። አዲሷ ነርስ ከሰኞ ጀምሮ የሰሜን ቡድን ውስጥ ትግባ አልኩና ስሟን ጻፍኩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ እንደኖርነው ነው የጻፍኩት። የተለወጠውን ብቻ እንጽፋለን፤ ያልተነሳ ሰው ባለበት አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ቤት ለቤት ስናስታምም በዚህ አሠራር አንድ በሽተኛ ጠፍቶብን አያውቅም። ረዳቱም «ተሳክቷል» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ነርሶች ስልካቸውን ሲከፍቱ የሰሜን ቡድን አባል አይደላችሁም ይላቸዋል። ቡድኑ ውስጥ የቀረችው ያቺ አዲሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እንኳን የበሽተኞቹን ቤት የእኛን መጸዳጃ ቤት ገና አላወቀችም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የአሥራ አንዱንም ስም አንድ በአንድ መለስኩና ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። ከስሞቹ ጋር ቀጠሮዎቻቸውም አብረው እንደተሰረዙ ግን ማን ነገረኝ? በኋላ ስንነቃ ነርሶቹ የሚያስታውሱትን ቤት ሁሉ እየዞሩ አንኳኩ። አንድ ቤት ተረሳ። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት፣ ስኳር በሽታ ያለበት፣ ጡረታ የወጣ አናጢ ቤት ነው። የእሱ ነርስ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ተተኪዋ ደግሞ ቤቱን ከስልኳ ላይ ካላየችው አታውቀውም። ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ ነበረበት። አምስት ቀን ማንም አልሄደለትም። ሰው ማስቸገር ስለማይወድ አልደወለም፤ ነገ ይመጣሉ እያለ ጠበቀን።

አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። እኔ ደግሞ ታግጃለሁ። አሥራ አንድ ባልደረቦቿን ከመዝገብ ሰርዛ በሽተኛ አስጎድታለች ነው ክሱ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የካቲት 12 ቀን ይሰማኛል፤ ጥፋተኛ ነሽ ካሉኝ የነርስነት ፈቃዴን ይነጥቁኛል። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ መማርም አልፈልግም።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ረዳቱ መሣሪያዎቹን የሚያውቃቸው በተጻፈለት መግለጫ ብቻ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ መግለጫዎቹን የምትጽፈውም አንተ ነህ። ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው ከቡድኑ ይወጣል የሚል ነገር መግለጫው ላይ አልነበረም ብለህ ጻፍ፣ ፈርም፣ ላክልኝ።

እኅትህ

ጥር 8

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺ ሰላምታ ብትዘይም እኔ አልዘልም፤ ሰላምታ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፣ በኩርኩም። መልስ በመዘግየቱ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለቴም ተናድጄ ስለነበር ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ «ረዳታችሁ ሆን ብሎ ነው? ለምን አልጠየቀኝም?» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። ከእሱ ልጀምር። ረዳቱ ተንኮል የለውም። ዓይንም የለውም። ፊቱ መሣሪያዎች ተደርድረውለታል፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ መግለጫ አለ፤ የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ ከዚያ ነው የሚያውቀው። «ቡድን አድስ» የሚባል መሣሪያ አለ። መግለጫው «የቡድኑን አባላት ዝርዝር ያድሳል» ይላል፤ አለቀ። አንድ ስም ሰጠሽው፣ አንድ ስም ላከ። መሣሪያው ደግሞ የተላከለትን ይዞ የድሮውን ዝርዝር ይጥላል፤ እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው። ከቡድን የወጣ ሰው ቀጠሮም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ «ተሳክቷል» ሲልሽ አልዋሸሽም፤ እንደተነገረው ሠርቷል። ለምን አልጠየቀኝም ላልሽው መልሱ ይኼው ነው። ጠይቅ የሚለው ነገር አልተጻፈለትም።

ገጹን ግን ልጽፍልሽ አልችልም። የመሥሪያ ቤታችን ጠበቃ ስለዚህ ጉዳይ ከውጭ ሰው ጋር ቃል እንዳንለዋወጥ አስፈርሞናል፤ ይህን ደብዳቤ ራሱ ተደብቄ ነው የምጽፍልሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቡድናችሁ ሹፌር ነበርኩ። ሦስት ቀን አረፈድክ ብለሽ የስንብት ወረቀቴ ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ስለምንሽ «ሥራ ሌላ፣ ዘመድ ሌላ» አልሽኝ። እኔም ዛሬ የራስሽን ቃል መለስኩልሽ።

አናጢው እንዴት ሆነ? እውነቴን ነው የምጠይቅሽ።

ወንድምሽ

ጥር 12

ለወንድሜ፣

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ ወንድምም እንደዚያው ኖሯል። ራሴን አህያ ማለቴ ነው፤ አህያ ባልሆን አንተን ብዬ አልለምንም ነበር።

ሦስት ቀን አረፈድክ ብለሽ ነው ያሰናበትሽኝ አልክ። ሦስት ቀን አይደለም፤ አሥራ ሰባት ቀን ነው። ሦስቱን ብቻ ጻፍኩት፣ አሥራ አራቱን ዋጥኩልህ። መኪናው በር ላይ ሳይደርስ ነርሶቹ መድኃኒት ታቅፈው ዝናብ ውስጥ የቆሙባቸውን ጠዋቶች ላንሳልህ? አላነሳም። ያን ጊዜ አልነገርኩህም፤ ወንድሜን ማሳፈር አልፈለግኩም ነበር። ዛሬ ግን እፍረቱ ይድረስህ።

የት እንደምውል ባትጠይቀኝም ልንገርህ፣ ዕቃ ቤት ነው። ታግደሻል፣ ግን በየቀኑ እየፈረምሽ ግቢ ተብያለሁ። ጎማቸው የወለቀ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ የጓንት ካርቶኖች፣ አንድ የማይዘጋ ቁምሳጥን፤ እነዚህ ናቸው ባልደረቦቼ። መስኮቱ በሥራ አስኪያጇ መኪና ማቆሚያ ትይዩ ነው፤ ስትገባም ስትወጣም ፊቷን ታዞርብኛለች። አሥራ አንዱ ነርሶች ግማሾቹ ያዝኑልኛል፣ ግማሾቹ ደግሞ በኮሪደሩ ሳልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። በትምህርት ቤት ጊዜዬ እንኳ ተንበርከኪ ተብዬ አላውቅም፤ አሁን ያው እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

እስቲ አንድ ነገር መልስልኝ፤ ሌላው ይቅር። ሦስት ዓመት እዚህ ሠርተሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ሰሌዳ እያየህ ነበር የሳምንት መስመርህን የምትይዘው። የተለወጠው ብቻ እንደሚጻፍ፣ ያልተነሳ ባለበት እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? የእናንተ መሣሪያ በተቃራኒው እንደሚሠራስ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ሁለቱንም የምታውቅ አንድ ሰው አንተ ነህ። ታዲያ ያቺን ነገር ሳትጽፋት እንዴት ቀረህ?

ስለ አናጢው ጠይቀሃል። አልነግርህም። ገጿ ስትደርሰኝ ትሰማለህ።

እኅትህ

ጥር 17

ለእትዬ፣

አሥራ ሰባቱን ቀን አላውቅም ነበር። ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለቀረው አልጠይቅም።

ዋናውን ጥያቄሽን ያልመለስኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ መመለስ ስለማልፈልግ ነው። ሆድ ይፍጀው። ይህን ያህል ልንገርሽ፦ ያን ገጽ ብጽፍልሽ ቀድመሽ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ሌላ መከላከያ ፈልጊ። የሰው እጥረት ነበረብን በይ፣ ሥልጠና አልተሰጠንም በይ። አምና ስለተጻጻፍነው ነገር ደግሞ ለማንም አታንሺ፤ ለጠበቃሽም ቢሆን።

ያስፈራራሁሽ ከመሰለሽ ይምሰልሽ። ደብዳቤው አጠረ ትያለሽ። አጭር ነገር ትወጂ የለ?

ወንድምሽ

ጥር 22

ለወንድሜ፣

እንግዲህ መያዝ አልቻልኩም፤ ገጹ ሳይደርሰኝም ስለ አናጢው እነግርሃለሁ። እግሩን ቆረጡት። ግራውን፣ ከጉልበቱ በታች።

ማክሰኞ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጠበቃዬ አትሂጂ ብላኛለች፤ እሷ ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስተኝተውታል። አልጋው ሥር አንድ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ ማን እንዳስቀመጠው እንጃ። ሰላም አልኩትና ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ በስንት ጣዕሙ። አምስቱን ቀን በየጠዋቱ ፎጣና ሙቅ ውሃ አዘጋጅቶ እንደጠበቀን ነገረኝ፤ ነርሷ ስትመጣ ጊዜ እንዳይባክንባት ብሎ ነው። በአራተኛው ቀን ሽታው ሲለወጥበት መስኮት ከፈተ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ መሐረብ ያቀበለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ስወጣ ማንን እንደምጠላ ግራ ገባኝ። ራሴን ጠላሁ፣ ሥራ አስኪያጇን ጠላሁ፣ ያንን «ተሳክቷል» የሚል ማሽን ጠላሁ። ቤቴ ስደርስ ግን አንተ ላይ ረጋ። ለምን መሰለህ፣ ሌሎቻችን አላወቅንም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።

አምና ስለተጻጻፍነው ያልከው ምን እንደሆነ ትዝ አይለኝም። ምን ጽፌልህ ነው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይሉ የለ፤ እኔ የተናገርኩትን እረሳለሁ፣ አንተ የሰማኸውን ታስቀምጣለህ። አውጣውና እንየው። ያቺን ነገር ሳትጽፋት የቀረኸው ሰንፈህ ነው? ረስተህ ነው? ታዘህ ነው? ሃያ ቀን ነው የቀረው። የካቲት 12 ኮሚቴው ፊት ስቀመጥ እውነቱን ይዤ መቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ያድነኝም አያድነኝም።

እኅትህ

ጥር 28

ለእትዬ፣

ስለ እግሩ ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ሥራ ቦታ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አሁን የምጽፍልሽን አንብበሽ ስትጨርሺ የፈለግሽውን በይኝ።

አልሰነፍኩም። አልረሳሁም። ጽፌው ነበር። መግለጫው መጀመሪያ ሲጻፍ ከዚያች አንድ መስመር በኋላ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩት፦ «የሚላከው ዝርዝር የድሮውን ሙሉ በሙሉ ይተካል። ስሙ ያልተጠቀሰ አባል ከቡድኑ ይወጣል፤ ቀጠሮዎቹም ይሰረዛሉ። አንድ ሰው ለመጨመር መጀመሪያ ያሉትን ሁሉ አንብበህ አዲሱን አክለህ ላክ።» እነዚህን ስጽፍ የእናንተን ሰሌዳ እያሰብኩ ነበር፤ ለእናንተ ስል ነው የጻፍኳቸው።

አምና ሚያዝያ ላይ የአርባ አንዱንም መሣሪያ መግለጫ አትሜ ላኩልሽ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይይልኝ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽና፣ ጎሽ እንድትይኝም ነው። መልስሽን አያይዤልሻለሁ፤ ቅጂው ነው፣ ዋናው መዝገብ ቤታችን አለ። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። «ይኼ ሁሉ ዝባዝንኬ ለማን ነው? ሁለት ገጽ አንብቤ ደከመኝ። ከድሮም ነገር ታንዛዛለህ። ለሚያውቅ ሰው ግማሹ ይበቃል፤ ቁረጠው።» ፈርመሽበታል። የአስተባባሪነትሽን ማኅተምም መትተሽበታል፣ መዝገብ ቤት የገባውም ለዚህ ነው፤ ለወንድም በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ምን እንደሚሠራ አንቺ ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ግማሹ ይበቃል ካለች ግማሹን ትውሰድ አልኩ። አለቆቼም አሳጥር እያሉ ነበር፣ ግን እነሱ ላይ አላላክክም፤ የትኛው ይቆረጥ የሚለውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እነዚያን ሦስቱን ስቆርጥ ሰሌዳውን አስታውሼዋለሁ፤ አስታውሼ ነው የቆረጥኩት። አንድ ቀን ግራ ይገባታል፣ ትደውልልኛለች፣ ያኔ ልክ ልኳን እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ስም ቢጠፋ ይመለሳል አልኩ። የሰው እግር መሃል ይገባል ብዬ አላሰብኩም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ገጹን ብጽፍልሽ የእኛ ጠበቃ በማግስቱ ያንቺን ደብዳቤ አውጥቶ ኮሚቴው ፊት ይዘረጋዋል። አስተባባሪዋ ራሷ ቁረጠው ብላ አዝዛለች፣ ማኅተሟ ይኸው ይላል። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ለራሴም ነው፤ ቂሜ በወረቀት ሲነበብ መስማት አልፈለግኩም። የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅም።

ወንድምሽ

የካቲት 2

ለወንድሜ፣

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የራሴን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊርማዬ ባይኖርበት የሌላ ሰው ነው ብዬ እምል ነበር። ሁለት ገጽ አንብቤ ደከመኝ ያልኩትም ውሸት ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አልጨረስኩም። ከሹፌርነት ያባረርኩት ልጅ ስለ ሥራዬ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ነው የተናደድኩት። ማኅተሙንም የመታሁት ለዚያ ነው፤ ማን እንደሆንኩ እንዳትረሳ።

አንተ በቂም ቆረጥክ፣ እኔ በትዕቢት አስቆረጥኩ። የተቀጣው ሁለታችንንም የማያውቅ ሰው ነው። በአንተ ብቻ መናደድ ይቀለኝ ነበር፤ እሱንም ነጠቅከኝ።

ደብቂው ብለህ መክረኸኝ ነበር። አልደብቅም። ሁለቱንም ላክ። አንተ ገጹን ጻፍ፤ የእኔን ደብዳቤ ዋናውን፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከመዝገብ ቤት አስወጥተህ ላክ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ አስገባቸው። ለምን እንደቆረጥካቸውም ጻፍ፤ አለቆቼ አሳጥር አሉኝ ብለህ እንዳትሸሽ። በደንብ አስረዝመህ ጻፈው፤ ይኼኛውን ማንም ቁረጥ አላለህም።

ይቅርታ እየጠየቅከኝ ከሆነ፣ አሁን አይደለም። ጊዜም የለኝም፣ ሆድም የለኝም።

እኅትህ

የካቲት 6

ለእትዬ፣

ሁለቱም ወረቀት እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ዋናውን ያለ አለቃ ፈቃድ አልሰጥም ስላለኝ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ለምን እንደምፈልገው ነገርኩት። ገጹን ስፈርም ቆሞ አየኝ። ቃል አትለዋወጡ ብለን ካስፈረምናችሁ በኋላ ነው እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት።

ሦስት ገጽ ሆነብኝ። ረዘመ ብትይ አልሰማሽም።

ወንድምሽ

የካቲት 16

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ዛሬ አራተኛ ቀን ነው፤ ኮሚቴው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ነርሶቹ ዘንድ ደውዬ ነበር፤ ስሜን ስነግራቸው ዘጉብኝ። ይገባኛል።

እኔን አላባረሩኝም። ያሰብኩት እንደሚያባርሩኝ ነበር፤ ጓዜን ሁሉ በካርቶን አድርጌ ጠብቄያቸዋለሁ። ጠበቃው ግን አሁን ካስወጣነው ያጠፋነው እኛ ነን ማለት ይሆናል አለ መሰለኝ። አርባ አንዱንም መግለጫ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ አዲስ ጻፍ ተባልኩ። ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ሰው ያርመኛል፤ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቷል።

«ቡድን አድስ» የሚለውን ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። የቆረጥኳቸውን ሦስቱን መልሼ አስገባኋቸው፤ አሁን ሳያቸው እነሱም በቂ አይደሉም። ከቡድን የወጣን ሰው ስም ብትመልሺው ቀጠሮው እንደማይመለስ የትም አልጻፍኩም ነበር። ያን የተውኩት ደግሞ ቂም ይዤ አይደለም፤ እሱንስ እውነትም አላሰብኩትም። የአናጢው ቤት የጠፋው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንቺ ለአዲስ ነርስ በመጀመሪያ ቀኗ ሥራ ስታስረጂ አውቃለሁ። ከመኪናው ሆኜ እሰማሽ ነበር፤ የምታስረጃት ነርስ ከዚያ በኋላ አትሳሳትም። ይህን መሣሪያ እንደዚያ አድርገሽ ብትጽፊልኝ ምን ትይ ነበር? መብት የለኝም፣ ግን እጠይቅሻለሁ። የኮሚቴውንም ነገር ንገሪኝ፣ ክፉም ቢሆን።

ወንድምሽ

የካቲት 21

ለወንድሜ፣

ሁለቱንም ወረቀት ራሴ አነበብኩላቸው። አምስት ሰው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ሥራ አስኪያጇ ጥግ ይዛለች። መጀመሪያ ያንተን አነበብኩ። ስጨርስ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ጠበቃዬ በክርኗ ነካችኝ፣ ይብቃሽ ማለቷ ነው። ቀጥዬ የራሴን አነበብኩ፣ ማኅተሙንም አሳየኋቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «ይህን ያቀረበው ማን ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ከእኛ በኩል የጠየቀሽ ነበር ወይ አለኝ። የጠየቀኝ አልነበረም አልኩት።

ፈቃዴን አልነጠቁኝም። አስተባባሪነቱን ግን ወስደውታል፣ ለሁልጊዜው። አንድ ዓመት በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር ቤት ለቤት እየዞርኩ እሠራለሁ። ተቆጣጣሪዬ ማን መሰለችህ? መርፌ መያዝ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ትናንት ቦርሳዬን ከፍታ ፋሻ ቆጠረች። ሳስተምራት ቁጠሪ ያልኳት እኔ ነኝ።

የቤቶቹን ዝርዝር ስትሰጠኝ የአናጢው ቤት አለበት። ከሆስፒታል አስወጥተውታል። ተቆጣጣሪዬ፣ ከከበደሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለች። ሄጄ ራሱን ጠየቅኩት፤ እኔ ልምጣ ወይስ ሌላ ሰው ይምጣ ብዬ። እሱም «አንቺ ነይ። አንቺ ከእንግዲህ አትረሺኝም» አለኝ።

ስለዚህ ዘወትር ጠዋት እዚያ ነኝ። የጠየቅከኝንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የጻፍኩት፤ አሁን የራሴ ጠረጴዛ የለኝማ። ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አንብቢልኝ አለ፣ አነበብኩለት። እንደ አንተ ዝም ብሎ የሚሰማ እንዳይመስልህ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ስሙ ቢመለስ ቀጠሮው ለምን አይመለስም ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። እሱን አንተ ትመልስለታለህ። ይኸውልህ፦

«ቡድን አድስ። ይህ መሣሪያ የቡድኑን የድሮ ዝርዝር ይጥልና አንተ የምትልከውን በቦታው ያስቀምጣል። አይጨምርም፤ ይተካል። በምትልከው ዝርዝር ላይ ስሙ የሌለ ሰው ከቡድኑ ይወጣል፤ የሚሄድባቸው ቤቶች ቀጠሮም በሙሉ ይሰረዛል። በኋላ ስሙን ብትመልሰው ቀጠሮው አብሮ አይመለስም። አንድ ሰው ጨምር ከተባልክ መጀመሪያ ያሉትን ሁሉ አንብብ፣ አዲሱን አክል፣ ሙሉውን ላክ። ያዘዙህ ሰዎች የተለወጠውን ብቻ ይነግሩሃል፤ ያልተነሳ ባለበት አለ ብለው ያስባሉና ዝምታቸውን አስወጣ ማለት አድርገህ አትውሰደው። ከመላክህ በፊት የሚወጣ ሰው ካለ በስሙ ጥራና እነዚህ ይውጡ ወይ ብለህ ጠይቅ። መልስ ካላገኘህ አትላክ። ከጨረስክም ተሳክቷል ብቻ አትበል፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ስንት ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተናገር። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

የመጨረሻዋ የእሱ ናት። ማሽን ይህን ቢያነብ ምን ይገባዋል ትል ይሆናል። ማሽኑን አላውቅም፤ ከአንተ በኋላ ገብቶ አሳጥር ለሚል ሰው ግን ይገባዋል።

መግለጫውን የምጽፈው ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለወንድሜ ነው አልኩት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ማን እንደቆረጠ፣ ለምን እንደቆረጠም ነገርኩት፤ የእኔንም አልደበቅኩትም። የመለሰልኝን አልጽፍልህም። መጥተህ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ ራስህ ትሰማዋለህ፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቁስሉን እናጥባለን፣ ያኔ ሁልጊዜ አለሁ። እንዳታረፍድ።

አሁን የጻፍኩልህን አለቆችህ ረዘመ ይሉሃል፤ ያ ቀይ እስክሪብቶ ያለውም ይሰርዝብሃል። ይበሉ። አንዲት ቃል ብትቆርጥ እኅት የለህም።

እኅትህ